ቃሬዛ ላይ የቀረው ወሬ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢመዘን ምን ያህል ይወጣዋል? ሰው ሲኖር ሳለ ተራራ የመሰለው ነገር፣ ዞር ብሎ ሲያየው እፍኝ የማይሞላበት ጊዜ አለ። ደግሞ ከቁም ነገር ያልቆጠረው፣ መንገድ ላይ የሰማው ተራ ጨዋታ፣ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ሲያረጅ ያገኘዋል። ታዲያ ሕይወቱ የቱ ነው? ተራራው ወይስ ጨዋታው? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ ሚዛኑን ይዞ የመጣ ግን እስካሁን የለም።

እሱ ራሱን እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ጥያቄው ግን አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ በአንዲት ወጣት ሴት ተመስሎ ቤቱ ድረስ መጣለት።

«ይቅርታ አባባ፣ ሳላሳውቅ መጣሁብዎ» አለች፣ ደጃፉ ላይ የጫማዋን ጭቃ እያራገፈች። «ከተማው ለቀድሞ ወታደሮች የምስጋና ቀን እያዘጋጀ ነው። አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። መድረክ ላይ ስለ እያንዳንዳችሁ ትንሽ ነገር መባል አለበት፤ ከሌላ ሰው ከምሰማ ከራስዎ ልስማ ብዬ ነው።»

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ያ ወንበር ይወዛወዛል፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጊው።»

ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች። እስክሪብቶዋን አወጣች።

«በጦርነቱ ጊዜ ሥራዎ ምን ነበር?»

«መሸከም።»

«መሣሪያ?»

«ሰው።»

ቀና ብላ አየችው።

«ቁስለኛ ነዋ» አላት። «በቃሬዛ። እኔ ከፊት፣ ባልንጀራዬ ከኋላ። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ እኔን ፊተኛው፣ እሱን ኋለኛው የሚለን። እናቶቻችን ያወጡልንን ስም የሚያውቁት እንግዲህ እነሱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሉም።»

ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ የሚቀጥለውን ጠየቀች።

«ስንት ሰው ያተረፉ ይመስልዎታል?»

ፊተኛው ጉልበቱን ዳበሰ። ዳቦ ቤት ሻጭ የሆነችው ሴት ልጁ ሻይ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ጥያቄውን ሰማችና በሩ ላይ ቆመች። ታውቀዋለች። አባቷ ወሬ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ነው፤ ይቺ ጥያቄ ስትመጣ ብቻ ምላሱ ይታሰራል።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«በግምት?»

«ምናልባት አንድም።»

ወጣቷ ትሕትና መሰላት፤ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋችና ጻፈች። ትሕትና አልነበረም። ሰውየው የልቡን ነው የተናገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሬዛ በሁለት ሰው ይያዛል። የኋላው ቁስለኛውን ያያል፤ የፊተኛው መንገዱን ያያል። ድንጋዩን፣ ጉድባውን፣ እሾሁን፣ የሚንሸራተተውን ጭቃ። ፊቱን አዙሮ ልይ ቢል ሦስቱም ገደል ይገባሉ። ስለዚህ እሱ ጦርነቱን በሙሉ የተሸከመው ከጀርባው ነው፤ ክብደቱን በትከሻው፣ ድምፁን በጆሮው። እናቱን የሚጣራ ነበር። ሠራዊቱን ከነአዛዡ የሚሳደብ ነበር። «ቀስ በሉ» የሚል፣ «ፍጠኑ» የሚል፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚል ነበር። ዝም የሚሉትም ነበሩ፤ እነሱ ይከብዱ ነበር። ከሕክምናው ድንኳን ሲደርሱ ከውስጥ እጆች ይወጡና ሰውየውን ይቀበላሉ፤ መጋረጃው ይወርዳል፤ ባዶ ቃሬዛ ይሰጣቸዋል፤ ይመለሳሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ማን በእግሩ እንደወጣ፣ ማን አንሶላ ለብሶ እንደወጣ ለተሸካሚ የሚነግር የለም። ተሸካሚም ቆሞ የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም።

ጦርነቱ አልቆ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ ኋለኛው ለዓመታት እንቅልፍ አጣ፤ ፊቶቹ እየመጡበት። ፊተኛው ግን እንቅልፉ ደህና ነበር። የእሱ ጣጣ ጆሮው ላይ ነው። ገበያ መሃል ይሁን አውቶቡስ ውስጥ፣ ወይም ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ከኋላው የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ከሰማ አንገቱ ይደርቃል። ቶሎ አይዞርም። መጀመሪያ ያዳምጣል። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ሬዲዮ ጣቢያ?» ትለው ነበር።

ሥራ ሲፈልግ ሆስፒታል ተቀጠረ። ሥራው ያው መሸከም ነው፤ ግን ባለ ጎማ አልጋ መጣ፣ ባለ ጎማ አልጋ ደግሞ የሚገፋው ከራስጌ ነው። የታማሚው ፊት ከዓይኑ ሥር። የመጀመሪያው ሰሞን ዓይኑን መንቀል አቃተው። ሰው እንዴት እንደሚፈራ፣ ቅንድብ እንዴት እንደሚኮማተር፣ ከንፈር ምን ሲል እንደሚደርቅ ሲያይ፣ አንዲት እግሯ የተሰበረ ሴትዮ ይዞ ከኮሪደሩ ማዕዘን ጋር ተላተመ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ሴትዮዋ፣ «የምትገፋው እኔን ነው ወይስ ግድግዳውን?»

እዚያም ቢሆን አመሉ አልለቀቀውም። ያስገባውን ሰው በማግሥቱ ካልጠየቀ አይውልለትም። «ያ ሆዱን ያመመው ሰውዬ እንዴት ሆነ? ያቺ ልጅ ነቃች?» ዋና ነርሷ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ጋሼ፣ የርስዎ ሥራ መግፋት ነው፤ ዜና ማጠናቀር አይደለም!» አለችው። ከዚያ በኋላ ለጽዳት ሠራተኞቹ ሻይ እየጋበዘ በነሱ በኩል መጠየቅ ጀመረ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በዚያ ሆስፒታል ማን ድኖ ማን እንዳልዳነ ከሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም ይባላል። ያ ግን የሆስፒታሉን ዕዳ እንጂ የጦርነቱን አልከፈለለትም።

ሻዩ ቀርቦ፣ አስተባባሪዋ ስኳሩን እያማሰለች ሳለ፣ «ከተሸከሟቸው ሁሉ የማይረሱት ሰው አለ?» አለችው።

«መልኩን አላየሁትም እንጂ አለ» አለና ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ልጁ፣ ይሄ ወሬ እንግዲህ ተጀመረ ብላ፣ ዳቦ ቤቱ እንዳይረፍድባት የውጪ ልብሷን እየለበሰች አዳመጠች።

«ጭንቅላቱ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሏል። አፉ ብቻ ነው የቀረው። ባልንጀራዬ ደግሞ ጠዋት አጠገቡ የፈነዳ ፈንጂ ጆሮውን ደፍኖታል፤ ያን ሰሞን መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። እንግዲህ አስቢው፤ ማየት የሚችለው አይሰማ፣ የሚሰማው አያይ። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ሰውየው ሲያቃስት ቆየና ዝም አለ። ዝም ሲል ፈራሁ። ‹ወንድም፣ አውራኝ› አልኩት። ‹ምን ላውራህ?› አለኝ። ‹የፈለግከውን። ብቻ ዝም አትበል።›»

ሰውየውም ያወራ ጀመር። ከጦርነቱ በፊት እንጨት ሥራ ቤት ረዳት ነበረ። «ዞር ብለህ እጄን ብታይ ምስማሩ የበሳኝን ታየው ነበር» አለው። «መዞር አልችልም፣ መንገዱ ገደል ነው።» «እንግዲያው እመነኝ።»

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ መጥታ በር አዘዘች። አለቃው ሜትሩን አንሥቶ፣ የግድግዳውን ልክ ስጪኝ አላት። ግድግዳ የለውም አለች። እንዴት ግድግዳ የሌለው በር ይሠራል? አንተ በሩን ሥራ አለች። እዚህ ላይ ፊተኛው ራሱ መንገዱን ትቶ፣ «እንዴት ነው ግድግዳ የሌለው?» ሲል፣ ቁስለኛው ከጀርባው ሳቅ ብሎ፣ «ቆይ፣ ገና ነው» አለው። ሰውየው ወሬው የጣመ ቦታ ሲደርስ እንዲህ ነበር የሚለው፤ «ገና» የምትለዋን ቃል እንደ ደረጃ ከፍ አድርጎ። በሩ ተሠራ። ወፍራም እንጨት፣ ከነመቃኑ፣ ከነማጠፊያው፣ ከነቁልፉ። ሰጋቱራው ከላዩ ሳይራገፍ ረዳቱና ሌላ ጓደኛው ተሸክመው ሴትዮዋን ተከተሏት። ከተማውን አለፉ። የመጨረሻውን ቤት አለፉ። የጡብ ማምረቻውን አለፉ። ገላጣ ሜዳ ላይ ደረሱ፤ ሣርና ነፋስ እንጂ ሌላ የለም። እዚህ ላይ አቁሙት አለች።

«አቆማችሁት?» አለ ፊተኛው።

«ቆፍረን አቆምነው። ሜዳ ላይ አንድ በር፣ ብቻውን። ወዲህም ሜዳ፣ ወዲያም ሜዳ። ቁልፉን ተቀበለችኝና ቆለፈችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አንተ በወዲያ በኩል ዙርና ቁም። ስጠይቅህ ግን...›»

«ስትጠይቅህ ምን?»

«ቆይ፣ ገና ነው።»

ድንኳኑ ደረሰ። እጆች ወጡ፣ ሰውየውን ተቀበሉ፣ መጋረጃው ወረደ። ከውስጥ የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ይሳቅ ይሳል አልለየም።

አስተባባሪዋ እስክሪብቶዋን ከረሳችው ቆይታለች።

«ከዚያስ?»

«ይኸው፣ እኔም ከዚያስ እያልኩ አረጀሁ።»

«አይ አባባ! እንዲህ ማድረግማ ግፍ ነው!»

ይህን ወሬ የሰማ ሁሉ አንዳንድ መጨረሻ ሠርቶለታል። ሚስቱ፣ «ምን ይገርማል? መሬቱ የሷ ነው፤ ቤት መሥሪያ አልደረሰላትም፤ ከበሩ ጀመረች» ብላ ጨረሰችው፤ እነሱም ራሳቸው ቤት የጀመሩት ከማዕድ ቤቱ ነበረና። አንድ ሐኪም፣ «የአእምሮ ሕመም ነው» አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ። ልጁ በሕፃንነቷ በየምሽቱ የተለየ መጨረሻ ታወጣለት ነበር፤ ባንዱ ፈረስ ይወጣል፣ ባንዱ ባሕር። ካደገች በኋላ ግን፣ አንድ ቀን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ዳቦ መደርደሪያው ላይ ተደግፋ፣ «ሴትዮዋ የሚያንኳኳላት ሰው ነው የፈለገችው፣ አባዬ» አለችው። ይህኛውን ወደደው። ያም ሆኖ የሱ አይደለም፤ የሰውየው መጨረሻ አይደለም። ሰው ከአእምሮው ያወጣው መጨረሻ ምን ቢያምር የተጠማ አያረካም።

«እና ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለ ፊተኛው። «በዚያ ቀን ከየቦታው የሚመጡ አሉ አይደል?»

«አዎ፣ ከሩቅም በአውቶቡስ የሚመጡ አሉ።»

«እያንዳንዳቸው በድምፅ ማጉያው ሁለት ሁለት ቃል ይናገሩ። ‹ደህና ዋላችሁ› ይበሉ፣ በቃኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ካለ አውቀዋለሁ።»

አስተባባሪዋ በጣቷ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች አሰበች። የኃላፊው ንግግር አለ። የእንግዳው ንግግር አለ። መዝሙር አለ። ሜዳሊያ አለ። ምሳ አለ።

«ሁሉም ይናገር ከተባለ ይመሻል፣ አባባ። ደግሞ የእናንተ ቀን ነው! እናንተ አርፋችሁ ትቀመጣላችሁ፤ የምንናገረው እኛ ነን።»

«የኛ ቀን ከሆነ የምትናገሩት ለምንድን ነው ታዲያ?»

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «እጠይቅልዎታለሁ» አለች። ከልቧ ነበር። አለቆቿንም ጠየቀች። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ለከርሞ ይታያል ተባለ።

ፊተኛው ይህን ይዞ ወደ ባልንጀራው ሄደ። ኋለኛው ሬዲዮ ይጠግናል። አንድ ጆሮው እስከ ዛሬ አይሰማም፤ ሬዲዮ ሲፈትሽ ደህናውን ጆሮ ድምፅ ማውጫው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚጸልይ ሰው ይመስላል። ጠባቧ ሱቁ የቀለጠ ቆርቆሮ ትሸታለች። ጠረጴዛው ላይ ሆድ ዕቃቸው የወጣ ሬዲዮኖች ተኝተዋል።

«ለከርሞ?» አለ ኋለኛው። «ከርሞን እነሱ ናቸው የሚያውቁት እንጂ እኔና አንተ ምን አባታችን ቆርጦን!»

«ልጅቷ ግን ጥሩ ልጅ ናት።»

«ጥሩ ልጅ ሞልቷል። አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስማኝ። በፋሻ የተጠቀለለ ሰው ሕመሙን ሊረሳ የፈጠረውን ውሸት ነው ይዘህ የምትዞረው። መጨረሻ የለውም። መጨረሻ ቢኖረው ያኔ ይነግርህ ነበር።»

«ድንኳኑ ደረሰበት እንጂ!»

«ብታገኘውስ? ‹ስጠይቅህ ግን ክፈትልኝ አለችኝ፣ ከፈትኩላት፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ› ቢልህስ?»

«ይበል። ተራ ነገር ይሁን። ብቻ እሱ ይበለው።»

ኋለኛው መበየጃውን አስቀመጠ። ፊቱን አላዞረም፤ ከፊቱ ለተከፈተው ሬዲዮ የሚናገር ነበር የሚመስለው።

«አንተ የፈለግከው ወሬውን አይደለም። እኔን ታታልለኛለህ? ካደረስናቸው ውስጥ አንድ እንኳ የተነሣ መኖሩን ነው የፈለግከው። በከንቱ ተሸከምን ወይስ አልተሸከምንም፣ እሱን ነው።»

«ቢሆንስ?»

«ምንም። ያን ፋሻ ግን ያየሁት እኔ ነኝ። ነጭ አልነበረም።»

ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ ኋለኛው ይህን አንድም ቀን አልነገረውም ነበር። ፊተኛው ካፖርቱን ቆልፎ ወጣ። ደጅ ላይ ግን ቆመና ተመለሰ።

«አብረን ነው የምንሄደው አይደል?»

«ሸሚዜን አስተኩሼ የለ እንዴ! የት ትሄዳለህ ብቻህን?»

በዕለቱ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። በየወንበሩ ላይ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሻርፕ ተቀምጦ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ለበሱት፤ ከኋላ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች መሰሉ። ከሩቅ የመጡት ከኋላ ረድፎች፣ የከተማው ሰዎች ከፊት ተቀመጡ። አስተባባሪዋ በኋላ ረድፎችና በመድረኩ መካከል እንደ መርፌ ትመላለሳለች። የፊተኛው ልጅ ከዳቦ ቤት ፈቃድ ወስዳ በጎን በኩል ከቤተሰቦች ጋር ቆማለች።

ፕሮግራሙ እስኪጀመር ፊተኛው ቁጭ አላለም። ከኋላ ረድፎች ገባ። አንዱ ሽማግሌ ፊት ይደርስና ሰላም ይላል፣ ከዚያ ጀርባውን ይሰጠዋል።

«በል እስቲ አናግረኝ።»

«ምን ሆነሃል አንተ? ዞር በልና ላናግርህ!»

«እንዲሁ ተናገር። ‹ቆይ፣ ገና ነው› በልልኝ።»

«ምኑ ነው ገና? ዕድሜያችን አልቋል እኮ!» አለ አንዱ፣ ረድፉ በሙሉ ሳቀ።

«ይሄ ከፊት የማይወደድ ሰው ነው» አለ ሌላው፣ «ለዚህ ነው በጀርባ የመጣው።»

«ሳቁ፣ ሳቁ። ብቻ ተናገሩ።»

ወፍራም ድምፅ ሰማ፣ ቀጭን ሰማ፣ ጥርስ የጨረሰ አፍ የሚያፏጨውን ሰማ። አንዱ ነገሩ ገብቶት፣ «ማንን ነው የምትፈልገው፣ ወንድሜ?» ብሎ በሐዘኔታ ጠየቀው። «እንጨት ሥራ ቤት የነበረ፣ ጭንቅላቱን የቆሰለ» ሲለው፣ «ጭንቅላቱን ያልቆሰለ ማን አለ ብለህ ነው» አለ፣ ኮፍያውን ገለጥ አድርጎ ጠባሳውን እያሳየ። እሱም አልነበረም። ግማሽ ረድፍ ሳያዳርስ የመዝሙሩ ድምፅ ተለቀቀ፤ አስተናጋጆቹ ክንዱን ይዘው አክብረው ወደ ቦታው መለሱት። ከከተማው ሰዎች የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከኋለኛው አጠገብ ተቀመጠ። ከጀርባው ከሩቅ የመጡት ናቸው።

ንግግሮቹ ረጃጅም ነበሩ። መጥፎም አልነበሩም። ውለታችሁ አይረሳም ተባለ። በእናንተ ትከሻ ላይ ቆመናል ተባለ፤ ኋለኛው በደህናው ጆሮው ሰምቶ፣ «ለዚህ ነዋ የሚቆረጥመኝ» አለ። ሰው ሲመሰገን የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ እጁን የት እንደሚያኖር፣ ወደየት እንደሚያይ። ደግሞም ምስጋና ከጥያቄ የተለየ ነገር ነው። ጥያቄ ሰውን አፍ ያስከፍታል፤ ምስጋና ግን ሰውየው የሚለውን አስቀድሞ የጨረሰለት ይመስላል። ፊተኛው ይህን በቃል አላሰበውም። ብቻ በየንግግሩ መካከል ባለችው ጸጥታ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ሳል፣ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ የከረሜላ ወረቀት።

ሜዳሊያው ሲታደል ከሩቅ የመጡት መንገዱ ሳይመሽባቸው ይሂዱ ተብሎ አስቀድመው ተጠሩ። አንድ በአንድ እየወጡ፣ እየተጨበጨበላቸው፣ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ከዚያ የከተማው ሰዎች ተራ ሆነ። ኋለኛው ሄዶ መጣ፤ ሜዳሊያውን እንደ ሬዲዮ ዕቃ ገልብጦ ጀርባውን አየው። ተራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ በሁለት ጭብጨባ መካከል፣ ከፊተኛው ጀርባ ሰው ሲያንሾካሽክ ተሰማ።

«ተነሥ እንጂ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው።»

«ቆይ፣ ገና ነው።»

አንገቱ ደረቀ።

ድምፁ አርጅቷል። እንደ ተበላ ማጠፊያ ይንጫረራል። ግን «ገና» የምትለዋ ቃል ወደ ላይ ወጣች፣ እንደ ደረጃ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው። ክንዱ ኋለኛውን ጎሸመ፤ የጎሸመው ግን በማይሰማው ጆሮ በኩል ነበርና ባልንጀራው፣ «ይደርስሃል፣ አትቸኩል» አለው። ሊዞር ሲል የአስተባባሪዋ እጅ ብብቱ ሥር ገባ።

«አባባ፣ የርስዎ ተራ ነው። የመጨረሻው እርስዎ ነዎት።»

«ልጄ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከኋላዬ...»

ሙዚቃው ተለቀቀ። አልሰማችውም። ደረጃ እንዳይከብደው ነው ብላ ይበልጥ ደገፈችው። እግሩ ሄደ፤ እንዲያ ለምዷል፣ ወደ ፊት መሄድ። መድረኩ ላይ ሲደርስ ወደ ሕዝቡ አዞረችው።

እነሆ፣ ፊታቸውን አየ። የተሸከማቸው ካሉ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ከፊቱ የሽማግሌ ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፤ አንድ ዓይነት ሻርፕ፣ አንድ ዓይነት ሜዳሊያ፣ የተሸበሸበ ግንባር፣ የረጠበ ዓይን። የቱ ነው? ፊት ለሱ ምንም አይነግረውም። እሱ ከተቀመጠበት ወንበር በስተኋላ ያሉት ደግሞ ኮታቸውን እየሰበሰቡ፣ ወደ ጎን በር እያዩ፣ መነሣት ጀምረዋል።

አስተባባሪዋ ከወረቀቷ አነበበች። «ስንት ሰው እንዳተረፉ ስጠይቃቸው ‹ምናልባት አንድም› አሉኝ። እኛ ግን እናውቃለን፤ እናመሰግናለን!» አለች። ከዚያም ፕሮግራሙ ላይ የሌለ ነገር አደረገች፤ ኃላፊዎቹ ቀና ብለው ሲያይዋት አላየሁም ብላ፣ ማጉያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንድ ቃል፣ አባባ» አለችው በጆሮው።

አዳራሹ በጭብጨባ ፈነዳ። ፊተኛው እጁን አነሣ፤ ሰላምታ መሰላቸውና ባሰ። ልጁ በጎን በኩል እጇ እስኪቀላ ታጨበጭባለች። ኋለኛው እንባው በጉንጩ እየወረደ ከሁሉም አስበልጦ ያጨበጭባል። ከሩቅ የመጡት ቆመው ያጨበጭባሉ፣ እያጨበጨቡም በጎን በር በኩል መውጣት ይዘዋል፤ ከመካከላቸው የአንዱ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሌላውም፣ የሌላውም።

ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«እባካችሁ» አለ። «ለአንድ አፍታ ጭብጨባውን ተዉልኝ። ከኋላዬ ተቀምጦ የነበረውን ሰው ድምፅ ልስማ።»

ትሕትና መሰላቸው። ያፏጨ ነበር፣ እንባውን የጠረገ ነበር፣ ከወንበሩ ያልተነሣው ሁሉ ተነሣ። እጁን ያሳረፈ ግን አልነበረም።